እንደ ተገዛችበት ቀን

አባት ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። አባታችሁ መኪና ካላቸውማ ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ ምክር ነው። መኪናም መሐላም ካላቸው ግን ምክር አያድናችሁም፤ እንዲያው አብረን እንዘን።

የኔ አባት ሁለቱም ነበሯቸው። መኪናዋ ፈረንጅ ስቴሽን ዋገን የሚላት ዓይነት ናት። ኋላዋ ረዘም ብሎ እንደ ክፍል የተሠራ፣ የበሮቿና የጎኗ ማዕቀፍ እንጨት የሆነ የቤተሰብ መኪና። በሮቿ ግራና ቀኝ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከኋላ ደግሞ አንድ የዕቃ ማስገቢያ አለቻት፤ እሷም እንጨት። አባቴ ባሻ ተሰማ ከመናገሻ ጫካ ግንድ ይሰነጥቅ ከነበረ አንድ ጣሊያን ነው የገዟት። እኛ ስምንት ልጆች ቡራዩ ውስጥ ያደግነው እሷ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ክርስትና የተነሳነው፣ ኩፍኝ ሲይዘን ሐኪም ቤት የሄድነው፣ የፋሲካ በግ የመጣልን በእሷ ነው። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ሰውና አንድ ጥጃ ጭናለች። ከፊት የተቀመጠው ጥጃው ነበር።

መሐላው የመጣው ይህ የምነግራችሁ ነገር ከመድረሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ መኪናዋ ድንገት ቀጥ አለች። አባቴ ወርደው ሲዞሯት ከሆለታ የሚመጣ አውቶቡስ ደረሰ፤ አንድ ቀልደኛ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ባሻ፣ ገለባ አቅምሷትማ!» አላቸው። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። አባቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ይቺ መኪና እንደ ተገዛችበት ቀን ሆና እስክትነሳ ድረስ ሌላ መኪና ላይ ብወጣ፣ ንጉሥ ይሙት!» አሉ።

የዛሬ ሰዎች ይሄ ምን ያህል እንደሚከብድ አታውቁትም። በዚያ በጃንሆይ ዘመን በንጉሥ ስም ምሎ ያፈረሰን ሰው ጎረቤት እሳት አያጭረውም ነበር። ያውም የሙሉ አውቶቡስ ምስክር ፊት። ስለዚህ አባቴ በበቅሎ መሄድ ጀመሩ፤ በቅሎዋ አርጅታ ሞተች። በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ያዘው። በመጨረሻ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነ መንገዳቸው። መኪናዋ ደግሞ ጓሮ ቆማ የዶሮ ቤት ሆነች።

ይህ ሁሉ እኔን አያገባኝም ነበር፤ አያንቱን እስካወቅሁ ድረስ። አያንቱ ሱሉልታ አስተማሪ ናት፤ እኔ ቡራዩ። አዲስ አበባ ለክረምት ትምህርት ስንሄድ ነው የተዋወቅነው። ሁለት ክረምት አብረን ተምረን፣ በሦስተኛው ልንጋባ ተስማማን። ከዚያ በታኅሣሥ መጨረሻ ደብዳቤዋ መጣ።

«ታላቅ እኅቴን የጠየቁት ሽማግሎች የልጁን አባት ሳያመጡ ጠይቀው፣ ትዳሩ ምን እንደሆነ አባቴ አይተዋል» ይላል። «አሁን የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የልጁ አባት ራሳቸው መጥተው፣ ደጄ ላይ ቆመው ካልጠየቁኝ ልጄን አልሰጥም። ከሆለታ አንድ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው እኔን ሊያስጠይቅ ሆሣዕና ዕለት አባቱን ይልካል። ከሆሣዕና በፊት ባለው እሁድ ድረሱልኝ።»

ደብዳቤውን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ሰባቱንም ጊዜ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ስደርስ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

አባቴ እግር ላይ ወደቅሁ። «አባባ፣ ስለ እኔ ብለው ለአንድ ቀን ታክሲ ይግቡልኝ» አልኳቸው።

«መሐላ የሸሚዝ ቁልፍ ነው እንዴ፣ ሲሞቅ የሚፈታ?» አሉኝ። «እሷን አስነሳት። እንደ ተገዛችበት ቀን አድርጋት። ያኔ ሱሉልታ አይደለም ጎጃም እሄድልሃለሁ።»

ሦስት ወር ነበረኝ።

መኪናዋን በጭነት መኪና አስጎትቼ ሰበታ ወሰድኳት፤ እዚያ ጋሽ ቦጋለ የሚባሉ ሰው አሉ። ከጣሊያኖች ጋር ሠርተው ሞተሩንም ላሜራውንም እንጨቱንም በአንድ እጃቸው የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ኮፈኗን ሲከፍቱ አንዲት የእናቴ ዶሮ ሞተሩ ላይ እንቁላል ታቅፋ አፈጠጠችባቸው። ጋሽ ቦጋለ ቀስ ብለው ኮፈኑን መልሰው ዘጉ። «ይቺም ኦርጅናል ናት?» አሉኝ።

ዶሮዋን ወደ ቡራዩ መለስኩ፤ ሞተሩ ሁለት ወር ፈጀ። ከሞተሩ ይልቅ የገደለኝ ግን የአባቴ ትዝታ ነው። ሰበታ ድረስ መምጫ የላቸውምና ሁሉን ነገር እኔ ተሸክሜ እየተመላለስኩ ማስፈቀድ ነበረብኝ። «ቀለሟ ሰማያዊ ነበር» አሉ። ጋሽ ቦጋለ ፋቁት፤ ከጥቁሩ ሥር ቡኒ፣ ከቡኒው ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር አረንጓዴ ወጣ። ሰማያዊ የሚባል የለም። የተፋቀውን ቁራጭ ላሜራ ይዤ ቡራዩ ስደርስ አባቴ አገላብጠው አይተው፣ «ይኸው! አረንጓዴ ናት አላልኩም?» አሉ። ላሜራውን ይዤ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። ሚስት የሚፈልግ ሰው ከአባቱ አይከራከርም።

ክላክሱማ ሌላ ጣጣ ነው። ክላክስ ተሸክሞ መሄድ ስለማይሆን፣ ሰበታ የሰማሁትን ድምፅ በአፌ እያሰማሁ አባቴ ፊት እቆማለሁ። «ፒፕ» ስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ፓፕ» ስል ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር አንድ ቀን ቤት ሲመጡ፣ የሃያ ስድስት ዓመት አስተማሪያቸው ሳሎን መሃል ቆሞ «ፖፕ! ፖፕ!» ሲል አገኙት። አባቴ «ይቺ ናት!» ብለው አጨበጨቡ። ዲሬክተሩ ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ።

በዚህ ሁሉ መሃል ጊዜው እየነጎደ ነው። የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ የቀረን እንጨቱ ብቻ ነበር፤ የዱሮውን ምስጥ በልቶት አልቋል። ጋሽ ቦጋለ የደረቀ ዝግባ ፈልገው አጡ፤ ያለው ባህር ዛፍ ነው። ዙሪያችን ሁሉ ባህር ዛፍ ነው፤ ቤታችን ባህር ዛፍ፣ አልጋችን ባህር ዛፍ፣ ማገዷችን ባህር ዛፍ፤ ለመኪና የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

«ይሆናል፤ ግን እርጥብ ነው» አሉ ጋሽ ቦጋለ። «ተሰንጥቆ ጥላ ሥር አንድ ዓመት ይደር።»

«ጋሽዬ፣ እኔ ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ሰውዬው በሞተር ብስክሌት ይቀድመኛል። ሳንቃውን ተሸክሜ ቡራዩ ወስጄ፣ የእናቴ ማድቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት። እናቴ ለሁለት ሳምንት ሙሉ እያሳለች ረገመችኝ። እንጨቱ ግን እንደ ቋንጣ ደረቀ። ጋሽ ቦጋለ በጥርጣሬ አንኳኩተው፣ ልክ በልክ ቆርጠው ገጠሙት። በበሩና በማዕቀፉ መሃል ወረቀት አይገባም። ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡትና «እንግዲህ ውኃ እንዳያገኘው የሚጠብቀው ይሄ ነው» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት በራሷ ሞተር ቡራዩ ገባች። ሰፈሩ እልል አለ። ኩራት ሊገድለኝ ደረሰ። አባቴ ሦስት ጊዜ ዞሯት። ጎማውን መቱ፣ ወንበሩን ጫን ጫን አደረጉ፣ ክላክሷን ነኩ። ከዚያ እጃቸውን በሩ ላይ አሳረፉና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ የሚያብረቀርቀው ምንድነው?»

«ቫርኒሽ ነው፣ አባባ።»

«ስገዛት አታብረቀርቅም ነበር። በእጅ ሲዳስሷት እንጨት እንጨት ትል ነበር።»

«አባባ፣ ሲገዟት አርጅታ ቫርኒሹ ለቅቆ ይሆናል...»

«በንጉሥ የማልሁት እኔ ነኝ አንተ?»

ዓርብንና ቅዳሜን በብርጭቆ ወረቀት ቫርኒሹን ስፍቅ ዋልኩ። የጣቴ ቆዳ አብሮ ተፋቀ። የጋሽ ቦጋለ ቃል ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ግን ሰማዩን አየሁት፣ ጥርት ብሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ።

እሁድ ጠዋት ተነሳን። አባቴ ከፊት፣ ከኋላ መምሬ ወልዴ፣ የቅዳሴ ተራቸው ስላልነበረ ተለምነው የመጡ ቄሳችን፣ ከአጠገባቸው ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ። ኦቦ ቱፋ በኦሮምኛም በአማርኛም ነገር የሚያውቁ፣ ወንበሩን ሁለት ሦስተኛ የሚይዙ ሰው ናቸው። ሹፌሩ እኔ። እንደምታውቁት ልጅ የሚጠየቅለት ጎረምሳ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። አባቴ ደግሞ መሪዋን ለሌላ ሰው አያስነኩም። ስለዚህ የሹፌር ኮፍያ እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ ሻርፕ እስከ አፍንጫዬ ጠምጥሜ ሹፌር ሆንኩ።

አዲስ አበባን አልፈን እንጦጦን ስንወጣ መሪዋን በሁለት እጄ ጨምድጄ ነበር። ሞተሩ ያቃስታል፣ ራዲያተሩ ይፍለቀለቃል፣ መምሬ ከኋላ ይጸልያሉ። አባቴ ብቻ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው እንደ ሚኒስትር ተቀምጠዋል። ጫፍ ላይ ደረስን። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት፣ ከሱሉልታ በኩል ጥቁር ደመና መጣና የበልጉ ዝናብ ወረደብን።

ያ ምድጃ ላይ የደረቀ፣ ራቁቱን የቀረ እንጨት ዝናቡን እንደ ጠላ ጠጣው። ቁልቁል ስንወርድ በሩ «ቅጭጭ» ይል ጀመር። «ምንድነው?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ሞተሯ ናት፤ ደስ ሲላት ታንጎራጉራለች» አሉ አባቴ።

የኦቦ ጉታ፣ የአያንቱ አባት ግቢ ከሣር ሜዳው ዳር ነው። ወጉ እንደሚያዘው ከበሩ ራቅ ብዬ አቆምኩ፤ ሽማግሌ ወርዶ በእግሩ ሄዶ ደጅ ይቆማል እንጂ እስከ ደጅ እየተነዳ አይመጣም። አባቴ መክፈቻውን ጠመዘዙት። በሩ ንቅንቅ አላለም። የኔን ሞከርኩት፤ እሱም። ኦቦ ቱፋ የኋላውን ሞከሩ፤ እሱም። እንጨቱ አብጦ ሦስቱንም በር ቀርቅሮ ይዟል።

«ግፋው» አሉ አባቴ በሹክሹክታ። ገፋሁት። ኦቦ ቱፋ በትከሻቸው ሲገፉ መኪናዋ በሙሉ ተወዛወዘች፤ በሩ ግን እንዳለ ነው። በዚህ መሃል ኦቦ ጉታ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ቡሉኮ ደርበው ከግቢያቸው ብቅ አሉ። መጡ፣ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። እዚያ መቆም የነበረብን እኛ ነበርን።

«አካም ቡልተን?» አሉ። እንዴት አደራችሁ ነው።

«ነጋ!» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ ግማሽ በምትከፈተው መስኮት። ደኅና።

ማንም አልወረደም። ኦቦ ጉታ ጠበቁ፣ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። «ምነው፣ መሬታችን ጭቃ ሆነባችሁ?»

«በሩ ተበላሸ ብትል ልጄ አይደለህም!» አሉ አባቴ በጥርሳቸው መሃል። «ሌላ ገለባ የሚያቀብለኝ ሰው አልፈልግም።»

መምሬ ወልዴ ደረሱልን። «ልጆቼ፣ በጸሎት እንጀምር» ብለው በመስኮቱ መስቀላቸውን አወጡ። ኦቦ ጉታ መስቀል ሲያዩ ጃንጥላቸውን አጥፈው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚህ ጊዜ እኔ በግማሹ መስኮት ተሹለክልኬ፣ በጭንቅላቴ ጭቃ ውስጥ ወረድኩ። ኦቦ ጉታ በአንድ ዓይናቸው አዩኝ። «የቡራዩ ሹፌር በመስኮት ነው የሚወርደው?» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁ መልሰው ጎነበሱ።

ካቻቢቴ ይዤ የበሩን ስንጥቅ መፈልቀቅ ጀመርኩ። መምሬ አባታችን ሆይን ጨረሱ፤ አዩኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ለንጉሡ ጸለዩ፤ አዩኝ፤ ነቀነቅሁ። ለአዝመራው፣ ለከብቱ፣ በባሕር ለሚጓዙ፣ በወኅኒ ላሉ ጸለዩ። ዝናቡ የኦቦ ጉታን ቡሉኮ አልፎ አንገታቸው ውስጥ ይወርዳል። ካቻቢቴዬ ተሰበረ። መምሬ የሚጸልዩለት ፍጥረት አልቆባቸው ለንቦች ሲጀምሩ፣ «መምሬ፣ አሜን» አሉ ኦቦ ጉታ ራሳቸው።

ቀና አሉ። «እኔ የሴት ልጅ አባት ዝናብ ላይ ቆሜያለሁ። እናንተ ጠያቂዎቹ ተቀምጣችኋል። ተቀምጦ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ አየሁ። በሰላም ተመለሱ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡን።

ከበሩ ላይ አያንቱ ቆማለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ኦቦ ጉታ አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ሁለት ሄዱ። በእያንዳንዱ እርምጃ ሞተር ብስክሌቱ ሲቀርብ ይሰማኝ ነበር። አባቴን አየሁ፤ ዓይናቸው «እንዳትናገር» ይላል። በሕይወቴ አባቴን ደፍሬ አላውቅም።

«ኦቦ ጉታ!» ብዬ ጮህኩ። «ንቀት አይደለም! በሩ እምቢ ብሎን ነው! ተቆልፈውብኝ ነው!»

ኦቦ ጉታ ዞሩ። መጥተው የአባቴን በር መክፈቻ ያዙና ሳቡት፤ መክፈቻው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። አዩት፣ አባቴን አዩ። አባቴ ወደ ፊት አፈጠጡ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። ኦቦ ጉታ ወደ ቤት ጮኹ፤ «አያንቱ! ቆቶ ፊዲ!» መጥረቢያ አምጪ ማለታቸው ነው። እሷም እየሮጠች አመጣችው።

መጥረቢያውን ካነሱ በኋላ ግን ቆም አሉ። «ባሻ፣ የሰው ንብረት ነው። ይፈለጥ?»

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ከውስጥ በኩል ዳሰሱት፤ ያንን እንጨት እንጨት የሚለውን። «ስገዛት...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ዝም ይበሉ ብዬ ልለምናቸው ፈለግሁ፤ ዝም እንዳይሉም ፈራሁ።

«እኔ መኪና ኖሮኝ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ግን ሚስት የለውም። ይፈለጥ።»

ኦቦ ጉታ መጥረቢያውን ወደኔ ዘረጉት። «ሹፌር፣ ማጠፊያው የት እንዳለ የምታውቀው አንተ ነህ።» የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባላል። የሦስት ወር ድካሜን በስድስት ምት ጣልኩት። ኮፍያዬ ወደቀ፤ አንስቼ ደፋሁት። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ኦቦ ቱፋን ለማውጣት የማዕቀፉም ግማሽ መፈለጥ ነበረበት።

ከዚያ ሦስቱም ጭቃው ላይ ተሰልፈው ቆሙ። አባቴ የታመመ ጉልበታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ዝናብ በጺማቸው እየወረደ፣ «ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡኝ ለመለመን መጥቻለሁ» አሉ።

ኦቦ ጉታም እንደ ወጉ መለሱ። «ሰምቻለሁ። ዘመድ ላማክር። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።» ለሆሣዕና ግን የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

ተሳፈርን፤ ሞተሩን አስነሳሁት፤ ጭጭ። እንደገና፤ ጭጭ። ውኃ ገብቶባታል። ኦቦ ጉታ «እንግዲያው ዝናቡ እስኪያባራ ግቡ» አሉ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልስ ያላገኘ ሽማግሌ የሴቷን ቤት ደፍ አይረግጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ወጉን ያውቁታል።» ኦቦ ጉታ ያውቁታል። «የጭነት መኪና ላስቁምላችሁ» አሉ። ኦቦ ቱፋ መሐላውን ነገሯቸው። «መኪናዋ እንደ ተገዛችበት ቀን ሳትሆን ፈርሳለች፤ መሐላው ግን አልፈረሰም» ብለው ጨረሱ።

«በንጉሥ?»

«በንጉሥ።»

ኦቦ ጉታ ሰማዩን አዩ፤ የሚያባራ አይደለም። መኪናዋን አዩ። ማስገባት አይችሉም፣ መሸኘት አይችሉም። መምሬ ወልዴ አስነጠሱ። በዐቢይ ጾም ቄስ ደጃቸው ላይ ቢሞት ሱሉልታ ምን እንደሚል ኦቦ ጉታ ሲያስቡት ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ወደ አያንቱ ዞረው አንድ ነገር በኦሮምኛ በቀስታ ጠየቋት። እሷም ዝናቡ ውስጥ እንደቆመች አንገቷን ደፋች።

«ሴና!» አሉ ኦቦ ጉታ ወደኛ ዞረው። «ግቡ። ዘመዱንም እኔ አስረዳለሁ፤ ሰጥቻለሁ።»

መምሬ መስቀላቸውን አነሱ፣ ኦቦ ቱፋ መረቁ፣ አባቴ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱ። ተከታትለው ገቡ። እኔም ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ከኋላቸው ተከተልኩ። ደፉ ላይ ስደርስ የኦቦ ጉታ ሰፊ መዳፍ ደረቴ ላይ አረፈ።

«አንተ ወዴት?»

«እኔማ... ሹፌሩ ነኝ፣ ኦቦ።»

ሻርፔን በሁለት ጣት ወደ ታች ሳብ አደረጉት። «ሙሽራ ሳይዳር አማቱ ቤት አይገባም» አሉና በሩን ዘጉት።

ተመልሼ በር የሌላት መኪና ውስጥ ገባሁ። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ሁሉም እላዬ ላይ ነበር የወረደው። ከቤት ውስጥ የአባቴ ሳቅ ይሰማኛል። እኔም እዚያው ኩርምት ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ሰውዬው ሙሽራ ብለውኛል።